የመምህራን ጥያቄና መልስ፦ ፕሮጀክተርና ፖዲየም በክፍል ውስጥ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የማስተምርበት ክፍል ኮምፒዩተር፣ የላፕቶፕ ኬብሎች፣ ማይክሮፎንና የንክኪ መቆጣጠሪያ ያለው ፖዲየም ተገጥሞለታል። ላፕቶፔን ስሰካ አንዳንድ ቀን ወዲያው ይሠራል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ፕሮጀክተሩ ይበራና በሰማያዊ መደብ ላይ «ኖ ሲግናል» (ምስል አልደረሰም) የሚል ጽሑፍ ብቻ ያሳያል። ኬብል ስነቅል ስሰካ፣ ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ ስጫን የተማሪዎቼ ጊዜ ያልፋል። ከየት ልጀምር?
የዩኒቨርሲቲ መምህር

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ግማሹን መልስ ያ ጽሑፍ ራሱ ይሰጥዎታል። ጽሑፉ ግድግዳው ላይ ከታየ አምፖሉ በርቷል፣ ሌንሱም ደህና ነው፤ የጎደለው ለፕሮጀክተሩ መድረስ የነበረበት ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክተሩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ጊዜ ከመፍጀት በቀር የሚፈይደው ነገር ስለሌለ፣ ችግሩን ከፕሮጀክተሩ በፊት ባለው መንገድ ላይ ይፈልጉት። ምስሉ ከላፕቶፕዎ ተነሥቶ በአዳፕተር (አንዱን ዓይነት መሰኪያ ከሌላው ጋር በሚያገናኘው ቁራጭ) እና በኬብል ወደ ፖዲየሙ ይገባል፤ በፖዲየሙ ውስጥ ያለው መምረጫ ከክፍሉ ኮምፒዩተር፣ ከላፕቶፕና ከሰነድ ካሜራ አንዱን ብቻ መርጦ ወደ ፕሮጀክተሩ ያሳልፋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው ምስሉ ቢመጣለት እንኳ የትኛው እንዳስተካከለው አያውቅምና፣ አንዱን ነክተው ውጤቱን ካዩ በኋላ ብቻ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

የመጀመሪያው ማየት ያለብዎ የንክኪ መቆጣጠሪያው ነው። ከእርስዎ በፊት ያስተማረው ሰው በክፍሉ ኮምፒዩተር ተጠቅሞ ከነበረ ምርጫው እዚያው ላይ እንዳለ ይቀራል። «አንዳንድ ቀን ይሠራል» ያሉት አንዱ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። «ላፕቶፕ» ወይም «ኤችዲኤምአይ» (ምስልና ድምፅ በአንድነት የሚያስተላልፈው የኬብል ዓይነት) የሚለውን አንድ ጊዜ ይጫኑና እጅዎን ይሰብስቡ። በኤችዲኤምአይ የተገናኙ መሣሪያዎች ምስል ከማሳየታቸው በፊት መረጃ ይለዋወጣሉ፤ ፕሮጀክተሩ ምን ዓይነት የምስል መጠን እንደሚቀበል ለላፕቶፑ ያሳውቃል፣ ላፕቶፑም በዚያ ልክ ራሱን ያስተካክላል። ይህ ጥቂት ሰከንዶች ይወስዳል። መምህሩ ቸኩሎ እንደገና ሲጫን ወይም ኬብሉን ሲነቅል ሊያልቅ የተቃረበው ልውውጥ ከመጀመሪያው ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ምርጫው ትክክል ሆኖ ምስሉ ካልመጣ ወደ ላፕቶፑ ይመለሱ። በዊንዶውስ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከፒ ጋር አብረው ሲጫኑ አራት ምርጫዎች ይቀርባሉ፦ በላፕቶፑ ብቻ ማሳየት፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል ማሳየት፣ ግድግዳውን እንደ ተጨማሪ ስክሪን መጠቀም፣ በፕሮጀክተሩ ብቻ ማሳየት። ሦስተኛው ከተመረጠ ግድግዳው ላይ የሚታየው የዴስክቶፑ መደብ ብቻ ይሆናል፤ ስላይዱ በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ተከፍቶ ሳለ መምህሩ «አልሠራም» ብሎ መሣሪያውን ማማረር የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። ማስታወሻዎን ለራስዎ ብቻ እያዩ ማስተማር ከፈለጉ ይህ ምርጫ ከሁሉ የተሻለ ስለሆነ ተለማምደው ቢይዙት እመክራለሁ፤ ለዛሬው ችኮላ ግን ሁለተኛውን ይምረጡ።

ቀጥሎ ኬብሉንና አዳፕተሩን ይፈትሹ። ዩኤስቢ ሲ የሚባለው ትንሹ ሞላላ መሰኪያ በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ምስል ያወጣል፣ በሌሎቹ ላይ ግን አያወጣም፤ በአንዱ ላፕቶፕ ላይ የሠራ አዳፕተር በሌላው ላይ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሲነካ ምስሉ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩ ወይም የኬብሉ ጫፍ ላልቷል። በአሮጌው የቪጂኤ ኬብል ምስሉ መጥቶ ሁሉም ነገር ቢጫ ወይም ሐምራዊ ከመሰለ ከሹካው ቀጫጭን እግሮች አንዱ ሳይታጠፍ ወይም ሳይሰበር አልቀረም፤ በኃይል ከመግፋት ይልቅ ነቅለው ይመልከቱት። ቪጂኤ ድምፅ እንደማያስተላልፍም ልብ ይበሉ፤ ቪዲዮ የሚያሳዩ ከሆነ የድምፅ ኬብል ለብቻው መሰካት አለበት። ኤችዲኤምአይ ድምፁንም አብሮ ያስተላልፋል፤ ሆኖም ምስል ኖሮ ድምፅ ከጠፋ በላፕቶፑ የድምፅ ምልክት ላይ ገብተው ድምፁ በየት በኩል እንዲወጣ እንደተመረጠ ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ስላይዶቼ በላፕቶፔ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ግድግዳው ላይ ግን ይደበዝዛሉ፣ ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎችም ማንበብ አልቻልንም ይሉኛል። ፋይሉን በፖዲየሙ ኮምፒዩተር ስከፍተው ደግሞ አማርኛው ወደ ባዶ ሳጥኖች ይለወጣል።
የታሪክ መምህርት

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ፕሮጀክተር ብርሃን እንጂ ጥቁረት ማውጣት አይችልም። በስላይዱ ላይ ጥቁር የሆነው ቦታ በግድግዳው ላይ የሚኖረው ጥቁረት ክፍሉ ራሱ የጨለመውን ያህል ብቻ ነው፤ በመስኮትና በመብራት የሚገባው ብርሃን ይህን ጥቁር ግራጫ ያደርገዋል፣ በጥቁር መደብ ላይ የተጻፈው ቢጫ ወይም ሰማያዊ ፊደልም አብሮ ይደክማል። ብርሃን ባለበት ክፍል ነጭ መደብና ጥቁር ፊደል ይጠቀሙ። መብራቱን በሙሉ አያጥፉት፤ የስክሪኑን ፊት የሚመታውን ብቻ አጥፍተው በተማሪዎቹ ላይ ያለውን ይተዉላቸው፣ መጻፍ አለባቸውና። ለፊደል መጠን ከ28 በታች ባይወርዱ መልካም ነው። በተለይ የአማርኛ ፊደላት በትንንሽ ቅጥያዎች ስለሚለያዩ፣ በአነስተኛ መጠን ሲጻፉ «ሰ» እና «ስ»፣ «ለ» እና «ሉ» ከኋላ ለተቀመጠ ተማሪ አንድ ይሆኑበታል። ይህን ማረጋገጥ የሚቻለው ክፍሉ ባዶ ሳለ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ በማንበብ ነው፤ ከፖዲየሙ ሆኖ መገመት ያሳስታል።

ምስሉ ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠቦ ከሆነም ፕሮጀክተሩ ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርጓል። «ኪስቶን» የሚባለው ማስተካከያ ቅርፁን ያቃናል፤ ነገር ግን ምስሉን በስሌት ስለሚያጣብበው ፊደላቱ ጥራት ያጣሉ። ፕሮጀክተሩ ተንቀሳቃሽ ከሆነ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ይቅደም፣ ኪስቶን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

የሳጥኖቹ ነገር ከፕሮጀክተሩ ጋር አይገናኝም። ሳጥን ማለት በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የግዕዝ ፊደላትን የያዘ ፎንት (የፊደላት ቅርፅ ፋይል) አልተገኘም ማለት ነው፤ ለምሳሌ ኒያላ የተባለው ፎንት በዊንዶውስ 10 ላይ በተጨማሪነት የሚጫን ስለሆነ በየኮምፒዩተሩ ላይ አይገኝም። በሳጥን ፈንታ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላት ከታዩ ግን ጽሑፉ የተጻፈው ከዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በኮምፒዩተር የሚወከሉበት የጋራ ሥርዓት) በፊት በነበረ የአማርኛ ሶፍትዌር ነውና በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ወይም መለወጥ ያስፈልገዋል። ግዕዝ በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት በነበሩ ሶፍትዌሮች ተጽፈው ሲወራረሱ የቆዩ የማስተማሪያ ፋይሎች ይህ ያጋጥማቸዋል። ለሳጥኖቹ ሁለት መፍትሔ አለ፦ ፓወርፖይንት ፋይሉን ሲያስቀምጥ ፎንቱን አብሮ እንዲይዝ ማዘዝ፣ ወይም ፋይሉን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ። ሁለቱንም በፍላሽ ይዘው ቢገቡ ይሻላል፤ ፒዲኤፉ እንቅስቃሴና ቪዲዮ ባይኖረውም ንባቡን ያስጠብቅልዎታል።

ጥያቄ፦ የፖዲየሙ ማይክሮፎን ያፏጫል። ትምህርቱ ሲያልቅስ ሁሉንም ከሶኬት መንቀል ይገባኛል?
የሁለተኛ ደረጃ መምህር

መልስ፦ ማይክሮፎኑ ከድምፅ ማጉያው የወጣውን ድምፅ መልሶ ሲቀበል፣ ያው ድምፅ እየዞረ ስለሚጎላ ያፏጫል። ብዙዎች የማይክሮፎኑን ጭንቅላት በእጃቸው ይሸፍኑታል፤ ይህ ፉጨቱን ያባብሰዋል። ወደ አፍዎ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አቅርበው የድምፅ መጠኑን ይቀንሱ፤ ቀርቦ መናገር ማይክሮፎኑ ከክፍሉ ይልቅ እርስዎን እንዲሰማ ያደርጋል። ተንቀሳቃሽ ማይክሮፎን ይዘው ሲንጎራደዱ ደግሞ ከድምፅ ማጉያው ፊት አይቁሙ።

መንቀሉን በተመለከተ፣ አምፖል ያለው ፕሮጀክተር በሪሞት ወይም በመቆጣጠሪያው ሲጠፋ ማራገቢያው አምፖሉን ለማቀዝቀዝ መሥራቱን ይቀጥላል፤ በዚህ መካከል ከሶኬት ቢነቀል ሙቀቱ ውስጡ ይቀርና የአምፖሉን ዕድሜ ያሳጥራል። በመሃል ለውይይት ምስሉን መደበቅ ሲፈልጉም ፕሮጀክተሩን አያጥፉት፤ በፓወርፖይንት ትርዒት ላይ ቢ የሚለውን ፊደል ሲጫኑ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ እንደገና ሲጫኑት ስላይዱ ይመለሳል። ማታ ላይ ማጥፊያውን ተጭነው ማራገቢያው ዝም እስኪል ይጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ ቢነቅሉት ችግር የለውም።