ላባው በየት በኩል ይቆረጥ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች ስለ አንድ የእጅ ሥራ የሚጠይቁ ናቸው፤ ባለ ላባ አጌትን (ውስጡ ላባ የሚመስል ሥዕል ያለበት ጠንካራ የጌጥ ድንጋይ) ቆርጦ፣ ሞርዶና ወልውሎ ካቦሾን ስለ ማድረግ። ካቦሾን የሚባለው ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ፊቱ ለስልሶ የተደበለበለ የጌጥ ድንጋይ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ፣ ግሬቭያርድ ፖይንት ከሚባል ቦታ የወጣ፣ እያንዳንዱ ጭብጥ የሚያህል ሁለት ባለ ላባ አጌት ላከልኝ። ያለኝ መሣሪያ በውሃ የሚሠራ የሴራሚክ መቁረጫ ነው፤ ዲስኩ 180 ሚሊ ሜትር ነው። በየት በኩል ልጀምር? እንዳላበላሸው ፈርቻለሁ። (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ መፍራትዎ ተገቢ ነው። በዚህ ሥራ የሚበላሽ ነገር አብዛኛው ይታረማል፤ የመጀመሪያው ቁርጥ ግን አይታረምም። ስለዚህ ዲስኩን ከማስነሳትዎ በፊት ድንጋዩን አጥብቀው ይመርምሩት።

ግሬቭያርድ ፖይንት በኦሪገንና በአይዳሆ ግዛቶች ድንበር ላይ ነው። የዚያ አካባቢ አጌት በብዛት የሚገኘው የአለት ስንጥቅ ሞልቶ፣ በሁለት ግድግዳ መካከል ተኝቶ ነው። ላባ የሚመስለው ነገር የብረትና የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው ተነስቶ ወደ መሐል ያድጋል። እንግዲህ በድንጋይዎ ላይ ግድግዳ የነበረውን ሸካራ ገጽ ይፈልጉ። ወደዚያ ገጽ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቁርጥ ላባውን ከሥሩ እስከ ጫፉ በጎኑ ያሳይዎታል። ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ቁርጥ ግን ላባውን አግድም ስለሚቀላው የሚታየው የተበታተነ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። ነጠብጣቡን የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ከሁለቱ ድንጋዮች የመጀመሪያውን ግን ለላባው ቢያውሉት ይሻላል።

ድንጋዩን በብሩሽ አጥበው፣ እርጥብ እንደሆነ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከጀርባው የስልክ መብራት ያብሩበት። እርጥብ ድንጋይ ከተወለወለ በኋላ የሚኖረውን መልክ አስቀድሞ ያሳያል። ቅርፊቱ ብርሃን ካላሳለፈ አንዱን ጥግ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያህል በመሞረድ መስኮት ይክፈቱለት።

ዝርግ ቁራጮቹን ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያውጡ። 4 ሚሊ ሜትር ላይ ፊቱን ለማደብለብ ቦታ አይተርፍም፤ ላባውም ጥልቀቱን አጥቶ ወረቀት ላይ የተሣለ ይመስላል። በሌላ በኩል የአጌቱ መደብ ደፍረስ ያለ ከሆነ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወፍር ይጨልማል። ከሁለቱ ፊቶች የትኛው ወደ ላይ ይሁን የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ድንጋዩ ሲደበለበል ብዙ የሚነሳው ከዳር ዳሩ ነው፤ ዳር ላይ ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ የተኛ ላባ አብሮ ይሄዳል። ላባው መሐል ላይ፣ ከገጹ ትንሽ ጠልቆ፣ በጠራ አጌት ተሸፍኖ የተቀመጠበትን ፊት ይምረጡ።

ዲስኩን በተመለከተ፣ ዙሪያው ያልተቆራረጠ፣ ለፖርሲሊን የሚሠራውን የአልማዝ ዲስክ ይጠቀሙ። ጥርሱ የተከፋፈለው ኮንክሪት መቁረጫ የአጌቱን ጠርዝ ይሸርፋል። ክብ ድንጋይ በእጅ ይዞ መግፋት አደገኛ ነው፤ ድንጋዩ ትንሽ ሲዞር ዲስኩን ይነክሰዋል፣ ወይ ዲስኩ ይጣመማል ወይ ድንጋዩ ይፈናጠራል። ድንጋዩን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በጀሶ ወይም ኢፖክሲ በተባለው ማጣበቂያ አጣብቀው፣ ሲደርቅ እንጨቱን ከማሽኑ መሪ ጋር አስጠግተው ይግፉት። የሞተሩ ድምፅ ከወረደ እየገፉት ያሉት በኃይል ነው፤ ያላሉት። የእርስዎ ዲስክ ከጠረጴዛው በላይ የሚወጣው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ድንጋዩ ከዚያ ከወፈረ ገልብጠው ከሌላው ወገን ቁርጡን ያገናኙ። የመጨረሻዎቹን ሚሊ ሜትሮች በጣም በዝግታ ይሂዱ፤ አለበለዚያ ቁራጩ ተገንጥሎ ጥጉን ይዞት ይሄዳል።

ዲስኩ አዲስ ሆኖ ሳለ መቁረጥ ቢያቅተው አላለቀም። አጌት ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አልማዙን የያዘውን ብረት አይበላውም፤ ብረቱ ይለሰልስና አልማዙን ይሸፍነዋል። ለስላሳ ቀይ የሸክላ ጡብ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ቢያሳልፉት አልማዙ እንደገና ይወጣል። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ፓምፑን ይደፍናል፤ ሥራ ሲያበቁ ገንዳውን አጽድተው ያድርቁት።

ጥያቄ፦ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ጥቁር የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስል ሥዕል ያለበት ድንጋይ አገኘሁ። ባለ ላባ አጌት ነው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሎሚ ጨምቀው ያንጠባጥቡበት። አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በድሬዳዋ ዙሪያ ያሉት ተራሮች ትልቅ ድርሻቸው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ላይ ማንጋኒዝ ቅርንጫፍ መሰል ሥዕል ይሠራል፤ ሥዕሉ ግን ገጹ ላይ ብቻ ያለ ስስ ሽፋን ነው፣ ሲሞረድ ይጠፋል። አጌት በሎሚ አይነካም፣ የቢላዋ ጫፍ አይጭረውም፣ እሱ ራሱ ግን ጠርሙስ ይጭራል፤ ጥንካሬው፣ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞህስ የጥንካሬ መለኪያ፣ ከ6.5 እስከ 7 ነው። ቀጭን ጠርዙ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲሰበርም ስብራቱ ለስላሳና ጎድጎድ ያለ ነው። ለማየት አንድ ድንጋይ ማንሳትና ለንግድ መቆፈር የተለያዩ ናቸው፤ ለሁለተኛው ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ድንጋዩን በሰም ከእንጨት ጋር እያጣበቅሁ ነው የምሞርደው። ግን መሐል ላይ እየተነቀለ ይወድቅብኛል። ሙቀቱ ነው? (ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሙቀቱ የሚጎዳው የሻማ ሰም ከተጠቀሙ ነው፤ የሻማ ሰም ለዚህ ሥራ አይሆንም። በቀይ የማሸጊያ ሰም ከሆነ ግን ጥፋቱ ከአየሩ ሙቀት ሳይሆን ከድንጋዩ ቅዝቃዜ ነው። የሞቀ ሰም ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ላይ ላዩን ይረጋል እንጂ አይዝም። ድንጋዩን ምድጃ ላይ በተጣደ ቆርቆሮ ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ያሙቁት፤ በጣት ነክተው ወዲያው እስኪያነሱ ድረስ ከሞቀ ይበቃል። እሳት ነበልባል ላይ በቀጥታ አይያዙት፣ ይሰነጠቃል። ጀርባው ላይ ዘይት ወይም የእጅ ወዝ እንዳይኖር በአልኮል ያጽዱት። እንጨቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ጫፉ ከድንጋዩ ስፋት ግማሽ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ሰሙ ገና ለስላሳ ሳለ ጣትዎን በውሃ አርሰው ወደ ድንጋዩ ጠርዝ ይግፉት፤ ነገር ግን ከጠርዙ ይመለስ፣ አለበለዚያ ከድንጋዩ ጋር አብሮ እየተሞረደ ብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል። የማሸጊያ ሰሙ እየተሰባበረ ካስቸገረ ጥቂት የንብ ሰም ይቀላቅሉበት። ሥራው ሲያልቅ ፍሪዘር ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ቢያስቀምጡት ድንጋዩ በቀላሉ ይላቀቃል።

ጥያቄ፦ የሐረር አንጥረኛ ቀለበትና የአንገት ጌጥ ሊሠራልኝ ተስማምቷል። ድንጋዩን በምን ልክ ላዘጋጅለት? (ከሸዋ በር፣ ሐረር)

መልስ፦ ለቀለበት 18 በ13 ሚሊ ሜትር፣ ለአንገት ጌጥ 30 በ22 ወይም 40 በ30 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ልኮች ናቸው። ሞላላውን ቅርጽ ከአሮጌ የራጅ ፊልም ቆርጠው፣ ቁራጩ ላይ እያንሸራተቱ ላባው የሚያምርበትን ቦታ ይፈልጉ። ላባው ትክክል መሐል ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ሥሩ ከታች ጠርዝ ተነስቶ በአንድ ወገን ባዶ ቦታ ቢተውለት ያምራል። መስመሩን በእስክሪብቶ አያስምሩ፣ ውሃው ያጥበዋል። ጫፉ የሾለ የአልሙኒየም ሽቦ የሚተወው ምልክት አይለቅም።

አንጥረኛው ብሩን አጥፎ የሚይዝበት ግድግዳ ያስፈልገዋል፤ ዙሪያውን ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይተዉለት፣ ወደ ላይ ሲሄድም ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘንብል። የጀርባውን ጠርዝ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል በ45 ዲግሪ ይስበሩት፤ ስለታም ሆኖ ከቀረ ሲገጠም ይሸረፋል፣ በብሩ ጥግ ባለው የብየዳ ትርፍ ላይም ድንጋዩ ተቀምጦ ይወላገዳል። የአንገት ጌጡን ጀርባ በብር ከመሸፈን ይልቅ ክፍት እንዲተወው ይጠይቁት፤ ብርሃን ከኋላ ካልገባ የላባው ግማሽ ውበት ይቀራል። ድንጋዩ የሚገባው ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ እስከ ቁጥር 1200 ብርጭቆ ወረቀት ድረስ ሄጃለሁ፣ ሲሪየም ኦክሳይድ በተባለው የመወልወያ ዱቄትም ወልውያለሁ። ሆኖም ጭጋግ አለው፣ ጭረትም ይታያል። ላባው ያለበት ቦታ ደግሞ ተቦርቡሯል። (ከጁገል፣ ሐረር)

መልስ፦ ጭረቱ የቁጥር 220 ወረቀት የተወው ነው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወረቀቱ ሻካራ ነው)፣ ከዚያም በፊት ሊሆን ይችላል። ውልወላ ጭረት አያጠፋም፤ እንዲያውም አጉልቶ ያሳየዋል። የሥራው ረጅሙ ደረጃ 220 መሆን አለበት፤ 80 ቅርጽ ያወጣል፣ 220 ደግሞ 80 የተወውን ጥልቅ ጭረት ሁሉ ያነሳል። ከዚያ 400፣ 600፣ 1200 እያሉ ሲሄዱ እያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። በየደረጃው ድንጋዩን ፍጹም አድርቀው በመብራት ስር አጋድመው ይዩት፤ ውሃ ጭረትን ይሸፍናል፣ ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይህ ነው። ገጹን በሙሉ በማርከር ቀብተው ቢሞርዱ ቀለም የቀረበት ቦታ ወረቀቱ ያልደረሰበት መሆኑን ይነግርዎታል። ጠፍጣፋ ቦታ እንዳይፈጠር እጅዎ አይቁም፤ ከጠርዝ ወደ አናት እያንከባለሉ ይሥሩ።

ቁጥር ሲቀይሩ እጅዎን፣ የጥፍርዎን ውስጥ፣ ሰሙንና እንጨቱን ይጠቡ፣ ውሃውንም ይቀይሩ። አንዲት የ80 ፍሬ 1200 ላይ ከገባች ሥራው ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ሲሪየሙን እንደ ቀጭን አጥሚት አድርገው በውሃ በጥብጠው፣ በቀስታ በሚዞር እርጥብ ቆዳ ላይ ይቀቡት። ጥሩው አንጸባራቂነት የሚመጣው ቆዳው ሊደርቅ ሲል፣ ድንጋዩን መጎተት በሚጀምርበት ጊዜ ነው። ድንጋዩ ለብ ይበል እንጂ አይጋል፤ ሲግል ሰሙ ይለቃል፣ አጌቱም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቡርቡሩ የመጣው ላባው ከዙሪያው አጌት ስለሚለሰልስ ነው። ያረጀ ብርጭቆ ወረቀት ለስላሳ ስፖንጅ ላይ ሲሆን ጠንካራውን ይዘልና ለስላሳውን ይበላል። ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፣ ጠንከር ያለ ላስቲክ ላይ ይለጥፉት፣ ጫና ይቀንሱ። አቅም ከፈቀደ ከ600 በኋላ በአልማዝ ወረቀት መሥራት የተሻለ ነው፤ አልማዝ ለስላሳውንም ጠንካራውንም ተቀራራቢ በሆነ ፍጥነት ያነሳል። አሁን ያለውን ቡርቡር ለማዳን ወደ 220 ተመልሰው ዝቅ ያድርጉት፤ ክፍት ቀዳዳ ከቀረ በቀጭን ሱፐር ግሉ ሞልተው ለአንድ ቀን ካደረቁ በኋላ ከ400 ይቀጥሉ። የተሞላ ድንጋይ ለሰው ሲሸጡ መሞላቱን መናገር ግዴታዎ ነው።

ጥያቄ፦ ውሃ ስለሚጠፋ ግቢ ውስጥ አፌን በነጠላ ሸፍኜ በደረቁ በግራይንደር ብሠራስ? (ከአሸዋ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ በፍጹም አያድርጉት። አጌት ሲሊካ ነው፤ በደረቁ ሲሞረድ የሚነሳው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለ የማይድን በሽታ ያመጣል። ነጠላም ሆነ የቀዶ ጥገና ማስክ ያን ደቃቅ ብናኝ አያስቀርም፤ ግቢው ውስጥ የሚጫወቱ ልጆችም ይተነፍሱታል። ብዙ ውሃ አያስፈልግም፤ አንድ ባልዲ በቂ ነው። ጭቃው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ውሃ ቀድተው መልሰው ይጠቀሙ፤ ጭቃውን እርጥብ እንደሆነ ፌስታል ውስጥ ቋጥረው ይጣሉ፣ ማጠቢያ ቱቦ ውስጥ አይድፉት። ወለሉን አይጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። በውሃ ሲሠሩም ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀረውን ኤን 95 ማስክና መነጽር ያድርጉ፤ ማሽኑም መሬት የተያያዘ ሶኬትና ውሃ ሲነካው ኃይል የሚያቋርጥ ብሬከር ይኑረው። ውሃ በጠፋ ቀን ቅርጽ ምረጡ፣ መስመር አስምሩ፣ ሰም አጣብቁ፤ መሞረዱ ውሃ እስኪመጣ ይቆይ።

ጥያቄ፦ በዚሁ ማሽንና በዚሁ መንገድ የወሎን ኦፓል መሥራት እችላለሁ? (ከፈላና በር፣ ሐረር)

መልስ፦ በማሽኑ ይቻላል፣ በመንገዱ አይቻልም። ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል አብዛኛው ውሃ የሚመጥ ነው፤ ሲረጥብ ብርሃን ያሳልፍና የቀለሙ ጨዋታ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። መድረቁ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ተበላሸ ብለው አይጣሉት፤ ለማፋጠን ብለውም ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ይሰነጠቃል። ከአጌት ስለሚለሰልስ በ80 አይጀምሩ፤ 220ም ቶሎ ይበላዋል፣ ትንሽ ድንጋይ ከሆነ ከ400 ይነሱ። ሙቅ ሰም አይስማማውም፤ በሱፐር ግሉ ሚስማር ራስ ላይ ያጣብቁትና ሲጨርሱ በስስ ምላጭ ያላቅቁት። አጌት የሞረዱበትን ያደፈ ውሃም አይጠቀሙ፤ ኦፓሉ ቆሻሻውን አብሮ ይመጠዋል።