ክሩ ሲወጠር

ልጆቼ፣

ሥራዬ መንገድና የድጋፍ ግንብ ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንት ክረምት እንደተመላለስኩበት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ የጦሳን ተራራ እያየሁ ቡናዬን ስጠጣ ትዝ የሚለኝ ግን የቆመው ግንብ ሳይሆን የተናደው ነው።

ሐምሌ ነበር። ከግንቡ በላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ጓሯቸው ውስጥ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አዩ። ከወዲያና ከወዲህ ችካል ተክለው መሀሉን በክር አሰሩት። በየማለዳው ክሩን ይነኩታል። ላላ ያለው ክር በሳምንቱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፤ የቤታቸውም በር አልገጥም አለ። አመለከቱ። ማመልከቻው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ፤ «ባለሙያ ይየው» ብዬ መራሁት። ባለሙያው እኮ እኔ ነበርኩ!

ግንቡ በሌሊት ወረደ። ክሩ ሲበጠስ ጎረቤቱን ቀስቅሰው ስለወጡ ሰው አልሞተም። በኋላ ስናየው የግንቡ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃና በፌስታል ተደፍነዋል። ውሃ የጠገበ አፈር ይከብዳል፣ እርስ በርስ መያያዙም ይላላል፤ መውጫ ያጣው ውሃ ደግሞ ራሱ ግንቡን ይገፋል። ይህን እኔ ተምሬዋለሁ። እሳቸው አልተማሩትም፤ አጠገቡ ግን ነበሩ።

ባሕር ውስጥ ኦክቶፐስ የሚባል ስምንት እጅ ያለው ፍጥረት አለ። ከነርቭ ሕዋሶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ያሉት እጆቹ ላይ ነው። እጁ የነካውን እዚያው ይመረምራል፤ ለጭንቅላቱ ማመልከቻ አይጽፍም።

ባሕሩ ከራቃችሁ ወደ ቃሉ ወረዳ ውረዱ። ገበሬው ሚያዝያ ላይ የሚቆየውን ማሽላ ይዘራል። ዝናቡ ከካደው ገልብጦ ቶሎ የሚደርሰውን ይዘራል፤ እሱም እንቢ ካለ ሐምሌ ላይ ጤፍ፣ ክረምቱ ሲወጣ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ። ነቢይ ስለሆነ አይደለም፤ ዘሩ ሁሉ ጎተራው ውስጥ ስላለ ነው። በ1966 እና በ1977 ዘሩን የበላ ቤት ዝናቡ ሲመለስም የሚዘራው አልነበረውም።

ጦጣን ደግሞ ስሟት። ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ ጩኸቷ ይለያያል። የነብሩን የሰማ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ የንስሩን የሰማ ሽቅብ አይቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፤ የእባቡን የሰማ በሁለት እግሩ ቆሞ ሣሩን ያያል። የሰፈራችን ቅሬ፣ ማለትም የእድራችን፣ ጥሩንባ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፦ ሰው ሞተ።

ቅሬው ድንኳን አለው፣ አካፋና ዶማ አለው፣ የእያንዳንዱን ቤት ሰው በስም ያውቃል። ናዳ ሲመጣ ጥሩንባው እንዴት ይነፋ? መሄድ ያቃታቸውን አዛውንት ማን ይሸከም? ይህን በስብሰባ ላይ አንሡ። እኔ አምና አንሥቼ «ሟርትህን ተወን» ተብያለሁ። ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ ደግሜ ላነሣው ነው፤ አጠገቤ የሚቀመጥ ወጣት ባገኝ ደስ ይለኛል።