መልስ፦ ባካፕ ስመልስ «ቴብሉ አስቀድሞ አለ» እያለ ይቆምብኛል

የዎርድፕሬስ ሳይትህን ባካፕ ስትመልስ ይሄ ኤረር (ቁጥሩ 1050) የመጣብህ ባካፑ ተበላሽቶ አይደለም። እነዚያው ቴብሎች ዳታቤዙ ውስጥ ስላሉ ማይኤስኪውኤል (ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ድጋሚ አልፈጥርም ብሎህ ነው። አሮጌውን ዳታቤዝ እንዳትደመስስ።

1. ሲፓነል (የሆስቲንግህ መቆጣጠሪያ ገጽ) ላይ አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ፍጠርና ዎርድፕሬሱ አሁን ለሚጠቀምበት የዳታቤዝ ዩዘር ሙሉ ፈቃድ ስጠው።
2. ባካፑን እዚያ አስገባ።
3. የዎርድፕሬሱ ኮንፊግ ፋይል (wp-config.php) ላይ የዳታቤዙን ስም ወደ አዲሱ ቀይር። ሲፓነል ከስሙ ፊት የአካውንትህን ስም ስለሚለጥፍ ሙሉውን ኮፒ አድርግ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ላይ ነው።

ካልሰራ የድሮውን ስም መልሰህ ትጽፋለህ፣ አለቀ።

ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ለገጣፎ ቤቴ ቁጭ ብዬ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆነህ ሰርቨሩን በትዕዛዝ የምታዝበት መንገድ) የአንድ ደንበኛ የኦንላይን ሱቅ ስመልስ መሃል ላይ መብራት ድርግም አለ። ራውተሩ ሲጠፋ ግንኙነቱ ተቋረጠ፣ ኢምፖርቱም አብሮ ቆመ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስገባ የዕቃዎቹ ቴብል አለ፣ የትዕዛዞቹ የለም። ደግነቱ አሮጌውን ዳታቤዝ አልነካሁትም ነበር። አሁን መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ «ስክሪን» የሚባለውን ትዕዛዝ ከፍቼ ኢምፖርቱን እዚያ ውስጥ ነው የማስጀምረው፣ ኔቱ ቢሄድም ሰርቨሩ ስራውን ይቀጥላል።