መልስ፦ ምሽግ የነበረ ኮረብታ መናፈሻ ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ ሐረር ሐኪም ጋራ ላይ ሆነህ በግንብ የተከበበችውን አሮጌ ከተማ ጀጎልን ቁልቁል ስታይ «ምሽግ የነበረ ኮረብታ መናፈሻ የሆነበት አገር አለ?» ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ አለ። የኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ መሃል ያለው ሽሎስበርግ እንደዚያ ነው። በ1809 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮን ምሽጉ እንዲፈርስ አስገደደ፤ የከተማው ሰው ግን ገንዘብ ከፍሎ የሰዓቱንና የደወሉን ማማ አስተረፈ። ከ1839 ጀምሮ ኮረብታው አትክልት ለበሰ። ሰዓቱ ራሱ ይገርማል፤ ረጅሙ ቆጣሪ ሰዓቱን፣ አጭሩ ደቂቃውን ነው የሚያሳየው!

የኛ ጉዳይ ግን ይለያል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ግንብ ዛሬም ቆሟል፤ ማታ ጅብ የሚሾልክበት ቀዳዳ ሳይቀር አለ። መናፈሻው ጋራው ላይ ይሁን፣ ደስ ይለኛል። ከግንቡ ግን አንዲት ድንጋይ እንዳትነካ።