ብሎኑን ሳትነቅል አምጣው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የምነዳው የ2016 ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ሲሆን ባለፈው ዓመት አራት አዲስ የበጋ ጎማ አስገጥሜለት ነበር፤ ልኩ 235/45 አር 17 ነው። ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ በ495 ቀለበት መንገድ ላይ የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያው በራ። ወርጄ ባየው የኋላ ቀኙ ጎማ ላይ ብሎን ተሰክቷል፤ ቦታው በውጭ በኩል ያለው የመጨረሻው ቦይ ነው። የመጀመሪያው ጎማ ቤት ጎንበስ ብሎ አየና «አይጠገንም፤ አራቱንም ቀይር» አለኝ። ሂሳቡ ከ800 ዶላር በላይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ 20 ዶላር» ብሎ ወስፌና ገመድ ይዞ መጣ። ሁለቱንም ትቼ ወጣሁ። አሁን በየሁለት ቀኑ ንፋስ እየሞላሁ እነዳለሁ። ማንን ልመን? ሳልደብቅዎት፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው የሰሚት ፖይንት መወዳደሪያ ሜዳ ሄጄ በፍጥነት እነዳለሁ።
ባለ ሱባሩው

መልስ፦ ልጄ፣ ብሎኑን አለመንቀልህ ደግ ነው። ብዙ ሰው የተሰካ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም፤ ይነቅልና እየፏጨ የሚወጣውን ንፋስ ሲሰማ ነው የሚደነግጠው። በየሁለት ቀኑ እየሞሉ መንዳቱን ግን ዛሬውኑ ተው። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

በባለ ገመዱ ልጀምር። በልጅነቴ መርካቶ ጎሚስታ ቤት ስቀጠር ጎማ ሁሉ ከመነዳሪ ነበረው። ከመነዳሪውን አውጥተን እንነፋና ውሃ በሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ እያዞርን አረፋው ከየት እንደሚወጣ እናያለን። ልጥፉን ካስቀመጥን በኋላ በአሮጌ ፒስተን ውስጥ ቤንዚን አንድደን በግለቱ እናጣብቀዋለን። ንፋሱን የሚይዘው ከመነዳሪው ስለሆነ ጎማው ራሱ ትንሽ ቢቀደድም ብዙ አንጨነቅም ነበር። ያንተ ጎማ ከመነዳሪ የለውም። ንፋሱን የያዘው በውስጥ በኩል የተለበጠው ስስ ንጣፍ ነው፤ ከንጣፉ በላይ ደግሞ የብረት ሽቦ አለ። ከውጭ በወስፌ የሚጠቀጠቀው ገመድ ቀዳዳውን ይወትፈዋል፤ ንጣፉ ግን እንደተበሳ ይቀራል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃ ወደ ሽቦው ይሰርጋል፣ ሽቦውም ይዝጋል። ገመዱ ከመንገድ ዳር ወደ ቤት ለመድረስ ይረዳል፤ ከዚያ ያለፈ አደራ አይሰጠውም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰውየው ጎማውን ከቸርኬው ሳያወጣ ሊሠራ መነሣቱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በምሠራበት ጋራዥ አንድ ደንበኛ ምስማር የወጋው ጎማ አመጣልኝ። ቀዳዳው መሃል ጥርሱ ላይ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ምንም እንከን የለውም። ከቸርኬው ሳወጣው ግን ተወቅጦ የተነፋ ቡና የመሰለ ጥቁር ዱቄት ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ዱቄቱ የጎማው ጎን ነበር! ንፋስ ጎድሎት ሲነዳ ጎኑ እየታጠፈና እየጋለ ራሱን ፈጭቷል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ዝናብ እንደመታው ካርቶን ለዘዘ። ደንበኛው «ቀዳዳው መሃል ላይ ነው፤ ለምን አትደፍነውም?» እያለ ግማሽ ሰዓት ተከራከረኝ። አልደፈንኩለትም፤ ተቆጥቶ ሄደ። አንተም ንፋሱ እየጎደለ በነዳህ ቁጥር ያንን ቡና እየወቀጥክ ነው።

አሁን ወደ ብሎንህ። የአሜሪካ ጎማ አምራቾች ማኅበር መመሪያ እንዲህ ነው፦ ጥገና የሚፈቀደው በጥርሱ መሃለኛ ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ ትከሻው (ጥርሱ አልቆ ወደ ጎን የሚታጠፍበት ጠርዝ) እና ጎኑ አይነካም። ቀዳዳው ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ግድም መብለጥ የለበትም። ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ ይመረመራል፤ ከዚያ ቀዳዳውን የሚሞላ ግንድና ንጣፉን የሚሸፍን ልጥፍ አብረው ይገባሉ። እንጉዳይ አስብ፤ ግንዱ በቀዳዳው ውስጥ ያልፋል፣ ባርኔጣው ከውስጥ ይለጠፋል።

አንተ ያልከው የመጨረሻው ቦይ በትክክል ድንበሩ ላይ ነው። ብሎን ደግሞ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይገባም። ራሱ ቦዩ ውስጥ ቢታይም አጋድሎ ከገባ ጫፉ በውስጥ በኩል ትከሻው ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ነገሩ አለቀ። ወደ መሃል አጋድሎ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ጠጋኝ ያድነዋል። ይህን ጎንበስ ብሎ ከውጭ በማየት ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው ሳይፈታ መፍረዱን አልወደድኩለትም።

«አራቱንም ቀይር» ማለቱን ግን ለዝርፊያ አትቁጠርበት። ያንተ ሱባሩ ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞር መኪና ነው። የአራቱ ጎማዎች ዙሪያ ልዩነት ከሩብ ኢንች እንዳያልፍ ይመከራል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ አለው እንበል፤ ያንተ ተበልቶ 6 ቀርቷል። በአንድ ወገን የ2፣ በዲያሜትር የ4፣ በዙሪያ ደግሞ የ12 ሚሊ ሜትር ተኩል ልዩነት ሆነ፤ ከተፈቀደው እጥፍ ያህል ማለት ነው። አንዱን ብቻ ብትቀይር መሃለኛው ዲፈረንሻል፣ ማለትም የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ማርሽ፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ሁሉ መታጠፊያ ላይ ያለህ እየመሰለው ሳያርፍ ይሠራል፤ ይግላል። የዲፈረንሻል ሂሳብ ከአራት ጎማ ይብሳል። ሆኖም መካከለኛ መንገድ አለ፦ አንድ አዲስ ተመሳሳይ ጎማ ገዝቶ በማሽን ጥርሱን ወደ 6 ሚሊ ሜትር ማስላጥ። አዲስ ጎማ አስልጦ መግጠም ዕብደት ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ይህን የሚሠሩ ቤቶች ግን አሉ፣ ከአራት ጎማም በብዙ ይረክሳል።

ስለ ሰሚት ፖይንት በመናገርህ አመሰግናለሁ፤ ፍርዴን የሚለውጠው እሱ ነው። ጎማህ ጎን ላይ 94 ደብሊው ተብሎ ከተጻፈ 670 ኪሎ እንዲሸከምና በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ ተፈትኗል ማለት ነው። ከተጠገነ በኋላ ግን ፍጥነቱን ለምትናገረው ለዚያች ደብሊው ፊደል ዋስትና የማይሰጡ አምራቾች አሉ። 495 ላይ የተፈቀደው 55 ማይል ነው (ማን ያከብረዋል የሚለውን እንተወው)፤ በደንብ የተጠገነ ጎማ እዚያ ጥርሱ እስኪያልቅ ያገለግልሃል። መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ግን በየመታጠፊያው የመኪናው ክብደት በውጭ በኩል ያለው ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ጎማው ይነድዳል። ያንተ ጥገና ደግሞ የሚሆነው እዚያው ትከሻ አጠገብ ነው። ስለዚህ ውስጡ ንጹሕ ከሆነና ቀዳዳው ከድንበሩ ወዲህ ከወጣ አስጠግነህ ሥራ ሂድበት፤ ለሜዳው ግን ሌላ አራት ጎማ ከነቸርኬው አዘጋጅ፣ ወይም ሜዳውን ተው። የምሸሽገው ሦስተኛ ምርጫ የለኝም።

ከቆርቆሮ የሚነፋውን አረፋ አስገብተህ ከሆነ ለጠጋኙ አስቀድመህ ንገረው። ካላስገባህ አታስገባ፤ ውስጡን ሁሉ ያጨማልቃል፣ የንፋስ መለኪያውንም ሊያበላሽ ይችላል።

ቅዳሜ ጠዋት ክሪክህን አውጣና ከዕቃ መጫኛው ሥር ያለችውን ትንሿን ቅያሪ ጎማ ግጠም። ከ50 ማይል ሳታልፍ ቀስ ብለህ ና። የተወጋውን ከነብሎኑ ከኋላ ጫነው። አብረን ከፍተን እናየዋለን፤ ዱቄት ካለ እጅህ ላይ አፈስልሃለሁ።