ልጄ ከወንድሙ ጋር መታገል ያበዛል፤ በሽታ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የ5 ዓመት ልጄ ከ8 ዓመት ወንድሙ ጋር ሲታገል ይውላል፤ «አንበሳ ነኝ» እያለም ያገሳል። ጎረቤቶቼ «ይሄ ልጅ ቅብጥብጥ ነው፣ አሳዪው» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እናት ሆይ፣ ልጁን ሳልመረምር ቁርጥ ያለ ነገር መናገር ባልችልም፣ የጻፉልኝ ሁሉ የጤነኛ ልጅ ጨዋታን የሚያሳይ ነው። በጨዋታ መታገል የሰው ልጅ ብቻ አይደለም፤ ቡችሎች፣ የአይጥ ልጆች፣ የሰሜን ተራሮች የጭላዳ ግልገሎችም ይታገላሉ። በምርምር ወቅት የላይኛው የአንጎል ሽፋናቸው ገና በሕፃንነታቸው የተወገደ አይጦች እንኳ መጫወታቸውን አልተዉም፤ ይህም የጨዋታ ፍላጎት የሚመነጨው ከጥንታዊዎቹ የአንጎል ክፍሎች መሆኑን ያመለክታል። ከአቻዎቻቸው ተነጥለው ያለ ጨዋታ ያደጉ አይጦች ደግሞ ኋላ ከሌሎች ጋር ሲገናኙ መግባባት ይቸግራቸዋል።

ሰፈርዎ ያሉትን ቡችሎች ልብ ብለው ይመልከቱ። አንዱ የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ከኋላው ብድግ ሲል ጓደኛውን ለጨዋታ መጋበዙ ነው፤ ጉልበተኛውም አንዳንዴ በጀርባው ተንጋሎ ትንሹ ላዩ ላይ እንዲወጣበት ይተወዋል። ትልቁ ልጅዎም ለታናሹ ሆን ብሎ ሲወድቅለት አይተው ይሆናል። እኔ ከትግሉ ይልቅ የማየው ይህንን ነው፦ ይሳሳቃሉ? ተራ ይቀያየራሉ? አንዱ «በቃ» ሲል ሌላው ይለቀዋል? ከትግሉ በኋላስ አብረው ይቀራሉ? በእውነተኛ ጠብ ፊት ይኮሳተራል፣ ልጆቹም ተኳርፈው ይለያያሉ።

አንበሳ መሆኑም እንደ እቃቃ ጨዋታ ያለ ማስመሰል ስለሆነ ምንም አያሳስብዎ። በሥራዬ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የማይጫወት ልጅ ነው፤ በተለይ ይጫወት የነበረ ልጅ ድንገት ጨዋታ ሲያቆም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል። ልጅዎን ማሳየት የሚኖርብዎ ትግሉ ዘወትር በልቅሶና በጉዳት የሚያበቃ ከሆነ፣ ወይም አስተማሪው ክፍል ውስጥም ፈጽሞ እንደማይረጋ ከነገሩዎ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በደንብ እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል፤ ስለዚህ ትግሉን ከመከልከል ይልቅ ከደረጃና ከበረንዳ አርቀው፣ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተው ወይም ግቢ አውርደው ያጫውቷቸው። ወደ ክሊኒክ ከመጡም ሲጫወቱ በስልክዎ ቀርፀው ይዘው ይምጡ፤ ልጅ ሐኪም ፊት ዝም ስለሚል፣ ከምርመራው ክፍል ይልቅ ቪዲዮው ብዙ ያሳየኛል።