ሲጠጉት የሚንቀጠቀጥ የቤት ሞዴል፦ ኮምፒውተር ከመቀየርዎ በፊት

ጠያቂያችን የጻፉልን ችግር ባጭሩ ይህ ነው። ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ስኬችአፕ በተባለው የሦስት አቅጣጫ (3D) ንድፍ ፕሮግራም እየነደፉ ነው። ቀያሽ ባለሙያ ኦቶካድ በተባለው የቴክኒክ ስዕል ፕሮግራም ያዘጋጀላቸውን የቦታ ፕላን ወደ ሞዴሉ አስገብተው ግድግዳዎቹን በዚያ ላይ አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቱ ተጠግተው ሲመለከቱ የግድግዳዎቹ ጠርዞች ይንቀጠቀጣሉ፣ ሞዴሉን ሲያዞሩት መስመሮቹ እየዘለሉ ቦታ ይቀያይራሉ፣ ይበልጥ ሲጠጉ ደግሞ ግማሹ ክፍል በቢላዋ እንደተቆረጠ ከፊታቸው ይጠፋል። ልኬት ሲወስዱ ግን 4 ሜትር የሆነው ክፍል በትክክል 4.00 ተብሎ ይነበባል። አንድ የሚያውቁት ሰው ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ እንደገና ጫነላቸው፣ ተጨማሪ ራም አስገዛቸው፣ በመጨረሻም ሞዴሉን በሙሉ በ1000 አባዝቶ መልሶ አካፈለው፤ ለውጥ ግን አልመጣም። ቀደም ሲል የሠሩት ሌላ ሞዴል በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ጥያቄያቸው የተሻለ ግራፊክስ ካርድ (በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሚስለው ክፍል) ያለው ኮምፒውተር መግዛት አለብኝ ወይ የሚል ነው።

አይግዙ። መልእክትዎን አንብቤ ሳልጨርስ ልቤ የሄደው ወደ አንድ ነገር ነው፦ ቤትዎ ከሞዴሉ መነሻ ነጥብ፣ ማለትም ቀዩ፣ አረንጓዴው እና ሰማያዊው መስመር ከሚገናኙበት ዜሮ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጧል። ግራፊክስ ካርዱ ቢታመም ኖሮ የቀድሞው ሞዴልዎም አብሮ ይታመም ነበር። ችግሩ የጀመረው የቀያሹ ፋይል ከገባ በኋላ መሆኑ ደግሞ ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል። ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ግን ልኬቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ስዕሉ ብቻ መንቀጥቀጡ ነው። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ያቃተው ያወቀውን ቁጥር በስክሪኑ ላይ በትክክል መሳል ነው።

ከዚህ በታች ከምነግርዎት አንዱንም ከመሞከርዎ በፊት ግን የሞዴሉን ፋይል እና የቀያሹን ፋይል በአዲስ ስም ገልብጠው፣ ቢቻል በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ፤ ሥራዎን በሙሉ በቅጂው ላይ ይሥሩ። ፕሮግራሙ ራሱ የመጠባበቂያ ፋይል ይሠራልኛል ብለው አይተማመኑ። ያ መጠባበቂያ የሚይዘው ከመጨረሻው በፊት የተቀመጠውን ሁኔታ ብቻ ስለሆነ፣ ስሕተት ከሠሩ በኋላ ሁለት ጊዜ ካስቀመጡ ደህናው ሞዴል ከመጠባበቂያውም ጭምር ይጠፋል።

ግምቴን ለማረጋገጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ አያስፈልግም። ሞዴሉን ከፍተው ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ ዙም ኤክስቴንትስን፣ ይጫኑ። ቤቱ ስክሪኑን ከመሙላት ይልቅ በአንድ ጥግ ላይ ነጥብ የሚያህል ሆኖ ከታየ፣ ወይም ጭራሹን ከእይታ ከጠፋ፣ ነገሩ ተረጋግጧል። በሌላው ጥግ ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ አዲስ ፋይል ሲከፈት በመነሻው አጠገብ ቆሞ የሚገኘው የሰው ምስል ነው። እርስዎ ረስተውታል፤ ፕሮግራሙ ግን እሱንም ቤትዎንም በአንድ እይታ ለመያዝ ይታገላል።

አሁን ምክንያቱን ላስረዳ፤ ይህን ነገር በሚገባ የተረዳ ሰው ለዚህ ችግር ሁለተኛ ገንዘብ ስለማያባክን ትንሽ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ። ቀያሾች ቦታን የሚለኩት በአብዛኛው ዩቲኤም በተባለው የኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታን በቁጥር የመግለጫ፣ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ምድርን በ60 ዞኖች ይከፍላል፤ የእያንዳንዱ ዞን መካከለኛ መስመር በምሥራቅ አቅጣጫ 500,000 ሜትር የሚል ቁጥር ይሰጠዋል፣ የሰሜኑ ርቀት ደግሞ ከምድር ወገብ ጀምሮ ይቆጠራል። ስለዚህ የቤትዎ ጥግ በቀያሹ ፋይል ውስጥ ያለው ቁጥር ዜሮ ወይም ዐሥር ሳይሆን በመቶ ሺዎች ወይም በሚሊዮን የሚቆጠር ሜትር ነው። የንድፍ ፕሮግራሞች ይህን ቁጥር በማኅደራቸው ሲይዙ ባለ 64 ቢት ቁጥር ስለሚጠቀሙ አይቸገሩም፤ ልኬትዎ ትክክል የሆነውም ለዚህ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ግን ለፍጥነት ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚስለው በባለ 32 ቢት ቁጥር ነው። የዚህ ቁጥር አሠራር በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 በተባለው ደረጃ የተወሰነ ሲሆን፣ ጠቅላላ የሚሸከመው ወደ 7 የሚጠጉ አኃዞችን ብቻ ነው።

እንዲህ አድርገው ያስቡት። ከዜሮ ጀምሮ የተዘረጋ ሜትር አለ፤ ጭረቶቹ ግን እኩል አልተራራቁም። ከ8 ሜትር እስከ 16 ሜትር ባለው ርዝመት ላይ 8,388,608 ጭረቶች አሉ፤ በሁለት ጭረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ እንኳ ያንሳል። ከ262,144 ሜትር እስከ 524,288 ሜትር ባለው ርዝመት ላይም ያሉት ጭረቶች እነዚያው 8,388,608 ናቸው፤ ቁጥሩ በእጥፍ ባደገ ቁጥር የጭረቱ ብዛት ያው ሆኖ ክፍተቱ ብቻ ይሰፋል። በመሆኑም 500,000 ሜትር ላይ ክፍተቱ 31.25 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ከ524,288 ሜትር እስከ 1,048,576 ሜትር ድረስ ደግሞ 62.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ካርዱ አንድን ጠርዝ መሳል የሚችለው ጭረት ባለበት ቦታ ብቻ ነው። እንግዲህ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ልስን በዚህ ሜትር ላይ እንዴት ይለካል? የልስኑ ሁለት ገጾች ወይ በአንድ ጭረት ላይ ይደራረባሉ፣ ወይ ሦስት ወይም ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። 20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ግድግዳዎም ቢሆን በሦስት ወይም በስድስት እርምጃ ብቻ የሚሳል ነው። ሞዴሉን ባዞሩ ቁጥር ስሌቱ እንደ አዲስ ስለሚሠራ እያንዳንዱ ጠርዝ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ወዳለው ጭረት ይጠጋጋል፤ ዓይንዎ የሚያየው መንቀጥቀጥ ይህ ነው።

ሞዴሉን በ1000 ማባዛት ያልረዳውም ለዚሁ ነው። ቤቱ ሲተልቅ ርቀቱም በዚያው ልክ ይተልቃል፣ ክፍተቱም አብሮ ይሰፋል፤ በሜትር ፈንታ በሚሊ ሜትር ቢሠሩም ልዩነት የለውም። የግማሹ ክፍል መጥፋት ደግሞ የዚሁ ችግር ሌላ ገጽታ ነው። ፕሮግራሙ ከዓይንዎ እስከ ሩቁ ነገር ያለውን ጥልቀት በተወሰነ ብዛት ደረጃ ከፋፍሎ ይስላል፤ ሩቁ ነገር አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ከቆመ ደረጃው እንዲበቃው ሲል በቅርብ ያለውን ቆርጦ ይተዋል።

ስለ ቀድሞው ጥገና አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ምርመራ ሳይደረግ ፕሮግራም ሦስት ጊዜ መጫን ጥገና አይባልም፤ ስሕተቱ ያለው በፋይሉ ውስጥ ከሆነ ፕሮግራሙ መቶ ጊዜ ቢጫን ያው ፋይል ያንኑ ስሕተት ይዞ ይከፈታል። ከላኩልኝ ምስል እንደማየው ደግሞ እኚሁ ሰው ግሩፖቹን፣ ማለትም እንደ አንድ ዕቃ እንዲንቀሳቀሱ የታሰሩትን ክፍሎች፣ በሙሉ በታትነዋቸዋል፤ አሁን የምድር ቤቱ ግድግዳ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ አንዱን ሲስቡ ሌላው ይከተላል። እንዲህ ያለውን ሥራ በዋናው ፋይል ላይ፣ ያለ ቅጂ፣ የሰው ድካም ላይ መሞከር በጣም ያሳዝነኛል። ከመበታተኑ በፊት የተቀመጠ ፋይል በፍላሽም ሆነ በኢሜይል ካገኙ ከዚያ ይጀምሩ።

ጥገናውን ከምንጩ ይጀምሩ። የቀያሹን ፋይል ቅጂ በኦቶካድ ይክፈቱና ሁሉንም ሌየሮች (ስዕሉ የተከፋፈለባቸውን ንብርብሮች) ያብሩ፤ የቀዘቀዙትን (ፍሪዝ የተደረጉትን) ያሟሟቁ፣ የተቆለፉትን ይክፈቱ። ይህን ካልዘነጉ የሚቀረው ቀላል ነው፤ ከዘነጉ ግን ግማሹ ስዕል ተንቀሳቅሶ ግማሹ በነበረበት ይቀራል። ከቦታው ወሰን አንዱን ጥግ ይምረጡ፣ አይዲ በተባለው ትእዛዝ የኤክስ፣ የዋይ እና የዜድ ቁጥሩን ያንብቡ፣ በወረቀትም በፋይሉ ስምም ላይ ይጻፉት። ከዚያ ሁሉንም መርጠው በሙቭ ትእዛዝ ያንን ጥግ ወደ ዜሮ ያምጡት። ዜድን አይርሱ፤ የከፍታ መስመሮች ያሉበት ስዕል ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ ይዞ ስለሚመጣ መሬቱ ከቤትዎ ብዙ መቶ ሜትር ወደ ላይ ተንሳፍፎ ሊገኝ ይችላል። ከጨረሱ በኋላ ዙም ኤክስቴንትስን እንደገና ይጫኑ፤ ስዕሉ አሁንም ትንሽ ነጥብ ከሆነ የሆነ ቦታ የተረሳ መስመር ወይም ጽሑፍ ስላለ ፈልገው ያጥፉት።

ወደ ስኬችአፕ ሲያስገቡ ፋይሉን መርጠው ወዲያውኑ አይቀበሉ፤ መጀመሪያ የአማራጮቹን መስኮት ይክፈቱ። በዚያ ያለው የመለኪያ አሃድ ቀያሹ ከተጠቀመበት ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ሜትር ነው። የስዕሉን መነሻ ጠብቅ የሚል ምርጫም እዚያው አለ፤ ኦቶካድ ከሌለዎት እና ስዕሉን አስቀድመው ማንቀሳቀስ ካልቻሉ ይህን ምርጫ ያጥፉት፣ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ መነሻው ያቀርብልዎታል።

ቤቱ ከተሠራ በኋላ ሁሉንም ከአዲስ መጀመር የለብዎትም። በቅጂው ላይ (ደግሜ እላለሁ፣ በቅጂው ላይ) የተደበቀውን ሁሉ ያሳዩ፣ የተቆለፈውን ይክፈቱ፣ በመነሻው የቆመውን የሰው ምስል ያጥፉ። ሁሉንም ይምረጡ፣ የማንቀሳቀሻ መሣሪያውን ይዘው ቀደም ሲል የመረጡትን የወሰን ጥግ ይጫኑ፣ ከዚያም በካሬ ቅንፍ ውስጥ ሦስት ዜሮዎችን በነጠላ ሰረዝ ለይተው፣ [0,0,0] ብለው ጽፈው ያስገቡ። መንቀጥቀጡ ወዲያውኑ መቆም አለበት። አንድ ግሩፕ ብቻውን መንቀጥቀጡን ከቀጠለ የራሱ ውስጣዊ መነሻ ሩቅ ቦታ ቀርቷል ማለት ነው፤ ያንኑ ግሩፕ ብቻ በትነው መልሰው ግሩፕ ያድርጉት።

አንድ የማይወዱትን ነገር ልንገርዎ። ስዕሉ ሲንቀጠቀጥ እያዩ የሳሏቸው መስመሮች ጥግ ነክተዋል ብለው የጫኑት ጥግ ላይ ላይሆን ይችላል። ማንቀሳቀሱ እይታውን ያስተካክላል፣ ያኔ የተሳተውን ነጥብ ግን አያቃናም። ገጽ (በመስመሮች የሚከበበው ስፋት) አልዘጋ ያለበት ክፍል ካለ፣ ወይም ከልኬቱ ቁጥር ፊት የሞገድ ምልክት (~) ከታየ፣ የሚታየው ቁጥር የተጠጋጋ እንጂ ትክክለኛው ርዝመት አይደለምና መስመሩን አጥፍተው እንደገና ይሳሉት። ከዚያ በወረቀት ላይ ካለው ፕላን ሁለት ረጃጅም ልኬቶችን፣ አንዱን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ፣ ከሞዴሉ ጋር ያመሳክሩ። ይህ ሳይደረግ ለግንበኛ አንድም ልኬት አይስጡ።

ቤቱ ከተረጋጋ በኋላም ኮምፒውተሩ ዝግ የሚልበት ነገር በምስሉ ላይ ይታየኛል፤ እሱም ከኢንተርኔት በነፃ የተሰበሰበው የቤት ዕቃ ነው። የሶፋ ስፌቱ ክር በክር የተቀረጸ፣ የቧንቧው ብሎን ጥርስ ሳይቀር የተሠራለት ዕቃ ለንድፍ ሥራ የሚረባ አይደለም፤ ከቤቱ ግድግዳዎች ሁሉ የበለጠ ገጽ አንድ የመታጠቢያ ቧንቧ ላይ ተከማችቶ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። የወለል ንጣፍ ምስሎቹም እንዲሁ ናቸው፤ በጎኑ 4096 ፒክስል የሆነ አንድ ካሬ ምስል ሲዘረገፍ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ላይ 64 ሜጋባይት ይይዛል። በሞዴሉ መረጃ መስኮት ውስጥ ባለው የስታቲስቲክስ ገጽ ያልተጠቀሙበትን ሁሉ የሚያጸዳ ቁልፍ አለ፤ እሱን ይጫኑ፣ ከባዶቹንም ዕቃዎች በቀላል ሳጥን ይተኩ። ይህን ማጽዳት ከመጀመርዎ በፊትም ሌላ ቅጂ ያስቀምጡ፤ የጸዳ ነገር ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በአንድ ቦታ ብቻ፣ ለምሳሌ ምንጣፉ ወለሉን በሚነካበት፣ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ካዩ እሱ ከመነሻው ጋር አይገናኝም። ሁለት ገጾች በአንድ ጠለል ላይ ተደራርበው ካርዱ የትኛውን እንደሚያስቀድም ስላጣ ነው፤ አንዱን ያጥፉ ወይም በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ያድርጉት።

የቀያሹ ኮኦርዲኔት ለፈቃድ ወይም ለመንገድ ሥራ በሚፈለግበት ጊዜ የጻፉትን የጥጉን ቁጥር ያውጡ፣ የተጠናቀቀውን ስዕል ወደ ኦቶካድ ልከው ከዜሮ ወደዚያ ቁጥር ያንቀሳቅሱት፣ በሌላ ስምም ያስቀምጡት። የስኬችአፑ ሞዴል ግን በዜሮ አጠገብ እንዳለ ይቆይ።